ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን



ባለፈው እትማችን የመጨረሻ ገጽ ላይ የወጣውን የሚያስቅ ሥዕል ታስታውሱት ይሆናል። የውኃ ተራ የሚያስከብሩትን ሰው፣ በጄሪካን ሰልፍ ፊት ቆመው፣ አፍንጫቸው እንደ ቧንቧ ረዝሞ፣ እጃቸውን ዘርግተው ሰው ሲከለክሉ አድርጌ የሣልኋቸው እኔ ነበርሁ። ከጎን ስለሣልኋቸው የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነበር። ገጹ ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲዞር ሳቁ ከሩቅ ይሰማ ስለነበር እኔም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሰውዬው ወደ ድንኳኔ መጡ። አልተቆጡም። ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ ዘረጉና «መምህር፣ ሌላውን ዓይኔን የት ጣልኸው?» አሉኝ። እኔ ሣቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሣቁም። ሕፃናት በመንገድ ሲያገኟቸው «አንድ ዓይና» እያሉ እንደሚጠሯቸው፣ ትንሿ ልጃቸውም ከእኔ ክፍል ከቀረች ሁለት ቀን እንደሆናት ያን ጊዜ ሰማሁ። ሌላም ነገር አለ። እኒህ ሰው ከየትኛው ወገን እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ሣልሁ ያልሁት የውኃውን ተራ ነው፤ ብዙ ሰው ያነበበው ግን ወገናቸውን ነው።

ያን ማታ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው። ስለ እሳቸው የምጽፈውንም በፈቃዳቸው ነው የጻፍሁት። ጥያቄያቸው አጭር ቢሆንም ረጅም ታሪክ አለው፤ ስለዚህ እንደ ታሪክ መምህርነቴ ከመጀመሪያው ልነሣ። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ስጽፍ «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።

በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ቆሞ ያደገ ሰው አንድን ደንብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። መልአኩ፣ ሰማዕቱ፣ ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹን ከፍቶ ይሣላል። ሰይጣኑ፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፈው ወታደር ግን ብዙውን ጊዜ ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ደንቡ በሁሉም ሥዕል ላይ እኩል አይጠበቅም፤ ነገር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የጸና በመሆኑ፣ ፊደል ያልቆጠረ እረኛ እንኳ ከደጀ ሰላሙ ገብቶ ግድግዳውን አንድ ጊዜ ቢያይ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል።

የደንቡ ጥቅም ግልጽ ነው። መጽሐፉ በግዕዝ ነው፤ ግዕዝ የሚያውቀውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ግድግዳው የሰፊው ሕዝብ መጽሐፍ ሆነ። በጎንደር ዘመን ሥዕሉ በሸማ ጨርቅ ላይ ይሠራና ጨርቁ በቅድስቱና በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ሠዓሊው ሲሠራ በመካከላችን ስላለችው ሽማግሌ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ልጅ ያስባል። በአንድ እይታ ካልገባቸው ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ ዓይንን ያተልቃል፣ ጣትን ያስረዝማል፣ የክፉውን ጥርስ ያወጣል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለሁ የማስተማሪያ ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ ስማር «አስፈላጊውን አተልቅ፣ የቀረውን ተው» ተብዬ ነበር። በጋዜጣ ላይ ካርቱን የምንለው ሥዕልም የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። እንግዲህ የካርቱን ሠዓሊ በቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ፊት እንግዳ አይደለም፤ ታናሽ ወንድም ነው። ውርሱን ግን ከነዕዳው ነው የተቀበለው።

ዕዳው ምንድን ነው? ሥዕል ክፉና ደግን የመለየት ሥልጣን ሲይዝ፣ ያንን ሥልጣን የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ለእመቤታችን ክብር የነበራቸው ቅናት የታወቀ ነው። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረጉ እሳቸው ናቸው። በዘመናቸው ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሠዓሊ ነበረ፤ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት በእንጨት ገበታ ላይ የሣላት ምስለ ፍቁር ወልዳ ስሙ ተጽፎባት እስካለንበት ዘመን ደርሳለች። በዚያ ዘመን ሠዓሊ በሥራው ላይ ስሙን መጻፉ ብርቅ ነው። ፊቶቹ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ እናትና ልጅ ሲተያዩ ያየ ሰው ስለ ምሕረት ስብከት አያስፈልገውም።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት «ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው» ብለው ለንጉሥም ለሥዕልም አንሰግድም አሉ። ስለዚህም ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ተገደሉ፣ የቀሩትም ተሰደዱ። ገድላቸውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ ራሳቸውም በስደት አገር በአሜሪካ ሆነው፣ «በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ መልሰውልናል። ፍቅርን ለማስተማር የተሣለ ሥዕል ሰውን መፈተኛ ሆነ፤ የሰገደ የኛ፣ ያልሰገደ የጠላት ተባለ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የነዚያ ስደተኞች ልጆች በትግራይ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ተሰብስበው በብራና ላይ መጻፍና መሣል ያዙ። ሥዕልን ምክንያት አድርጎ የመጣባቸው መከራ ሥዕልን አላስጠላቸውም። የጉንዳ ጉንዴ ብራናዎች ዛሬ በአገራችን ሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ የራሳቸው መልክ ያላቸው ተብለው ይጠቀሳሉ፤ እመቤታችንም ከነልጇ በውስጣቸው አለች። ተሰድዶ ቀለም የሚበጠብጥ ሰው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወርዶ ወደ ጦር ሜዳ የገባው በኋላ ነው። የአድዋን ጦርነት (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) ሥዕል ያላየ ከመካከላችን የለም። የእኛ ሰዎች ወደ እኛ ያያሉ፤ ጣሊያኖቹ ከጎን ተሥለዋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረስ ይረዳል። በአዲስ አበባ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች ይህን የአድዋ ሥዕል፣ እንዲሁም የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍለው እየሣሉ ይሸጡ ነበር። የሳባ ታሪክ ብዙውን ጊዜ 44 ክፍሎች አሉት፤ ካርቱን በተርታ እንደሚነበብ አንድ በአንድ ይነበባል። እዚህ ላይ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ንግሥቲቱ በሌሊት የተያዘችው ወርቅ ሰርቃ ሳይሆን ጠምቷት ውኃ ጠጥታ ነው። ውኃ ትልቅ ነገር መሆኑን ሠዓሊዎቻችን ድሮም ያውቁ ነበር።

የአድዋ ሥዕል እውነት ነው፤ ወራሪ መጥቶብን ነበርና። ነገር ግን ደንቡ በሰው እጅ ሲገባ በዚያ አይቆምም። ከአድዋ በፊት የሆነውን እንመልከት። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የሱዳንን ድንበር ከተማ ገላባትን ወግተው አቃጠሉ። በ1880 ዓ.ም. ጥር ላይ በሐምዳን አቡ ዓንጃ የሚመራ የማህዲ ጦር ጎንደር ገብቶ ከተማዋንና አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። ጣሪያዋ በመላእክት ፊት የተሞላው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ናት። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። በእኛ ዘንድ ይህ ጦርነት ሲሣል «ደርቡሾቹ» አንድ ዓይን ነው የሚኖራቸው። በገላባት የተቃጠለው ቤት ባለቤት ብሩሽ ቢይዝ ኖሮ እኛን በስንት ዓይን ይሥለን ነበር?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ያስተማረኝ ካርቱም ነው። ከጦርነቱ በፊት አል-ሳሃፋ እኖር ነበር። ብዙዎቻችሁ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ፤ ስሙ በዓረብኛ ጋዜጠኝነት ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ስፈልግ በቀትር ፀሐይ ስዞር ራሴን አዞረኝ። በአንድ ግቢ በር ላይ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሁለት ትልልቅ የሸክላ ዚሮች በብረት መቀመጫ ላይ ቆመው ነበር። በክዳኑ ላይ ኩባያ ነበረ። ጠጣሁ። ከግቢው ማንም አልወጣም፤ «አንተ ማነህ? ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ያለኝ የለም። ሱዳኖች እንዲህ ያለውን ውኃ ሰቢል ይሉታል፤ ብዙ ጊዜ ለሞተ ዘመድ መታሰቢያ ለመንገደኛ ሁሉ ያስቀምጡታል። ማለዳ ማለዳ የሚሞሉትን ሰው ከብዙ ቀን በኋላ አየኋቸው፤ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አዛውንት ነበሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት የመተማ ሥዕል ትዝ አለኝ። እኒህን አዛውንት በአንድ ዓይን አድርጎ ያስቀመጠልኝ ሥዕል፣ እኔ ራሴ በልቤ ስይዘው የኖርሁት ነው።

በአንድ የዓርብ ቀን ወደ ሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ሄድሁ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተ ነው። እዚያ ያየሁትን ለማያውቁ ልንገራቸው። ይህ አሁን የተጠለልንበት አገር ከእስልምና በፊት ወደ አንድ ሺህ ዓመት ያህል የክርስቲያን ነገሥታት አገር ነበረ፤ ኖባድያ፣ መቁራ፣ ዓልዋ ይባሉ ነበር። የዓልዋ ዋና ከተማ ሶባ ከካርቱም ብዙም አትርቅም። በሰሜን በፋራስ የነበረችው ካቴድራል ውስጧ በአሸዋ ተሞልቶ ለዘመናት ተቀብራ ነበር። የአስዋን ግድብ ውኃ ሊውጣት ሲል እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1964 በካዚሚየርዝ ሚካሎውስኪ የሚመሩ የፖላንድ ሊቃውንት ቆፍረው ከመቶ በላይ የግድግዳ ሥዕሎች አገኙ። አሸዋው ጠብቋቸው ነበር። ከግድግዳው ላጥ ላጥ አድርገው አወጧቸው፤ ከፊሎቹ ወደ ዋርሶ ሄዱ፣ ከፊሎቹ በካርቱም ቀሩ።

በካርቱም ከቀሩት መካከል ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት ውስጥ የቆሙበት ሥዕል ነበረ። እኛ ታኅሣሥ 19 ቀን የምናከብረው ታሪክ ነው፤ በእኛ ዘንድ ከእሳቱ የሚያወጣቸው ቅዱስ ገብርኤል ነው፣ በፋራስ ግን በክንፉ የሸፈናቸው ቅዱስ ሚካኤል ነው። ፊት ለፊት፣ በትልልቅ ዓይኖች ያዩኛል። የእኛን አገር ሠዓሊ እጅ ያየሁ መሰለኝ። በሌሎቹ የፋራስ ሥዕሎች ደግሞ ጠይም የኖባ ጳጳሳትና ነገሥታት ይታያሉ፤ ከኋላቸው ቅዱስ ወይም መልአክ ቆሞ በትከሻቸው ላይ እጁን አሳርፏል። የዚህ አገር ሰው ቅድመ አያት በሁለት ዓይን፣ በቅዱስ እጅ ሥር ተሥሎ ሳለ፣ እኛ ልጁን በአንድ ዓይን ሣልነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ፈነዳ፤ እኛም እንደገና ስደተኛ ሆንን። ሙዚየሙ በጦርነቱ መካከል ወደቀ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ ሲይዝ ብዙው ዕቃ ተዘርፎ ተገኘ። ከአሸዋና ከግድብ የተረፈ ነገር በሰው እጅ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል። ካርቱምን ያቃጠሏት የውጭ ጠላቶች ሳይሆኑ አንዱ ሌላውን በአንድ ዓይን ማየት የለመደ የአንድ አገር ሰዎች መሆናቸውን ግን እኛ ኢትዮጵያውያን ለማንም ልናስረዳ አያስፈልገንም።

እንግዲህ ሥዕል መተው አለብን ማለቴ ነውን? አይደለም። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ለዚህ በሽታ መድኃኒቱንም በዚያው ግድግዳ ላይ ትተውልናል። ሁለቱን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው በላዔ ሰብእ ነው። የቅምሩ በላዔ ሰብእ ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ 78 ሰው የበላ ነው። ከእርሱ የባሰ ለአንድ ዓይን የተገባ ማን አለ? ግን አንድ ቀን በቁስል የተመታ ድሃ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ነፍሱ በሚዛን በተመዘነች ጊዜ 78ቱ ነፍስ በአንድ በኩል፣ ያቺ ጥርኝ ውኃ በሌላ በኩል ሆነች፤ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍባት ውኃዋ መዘነች። የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ሲከበር ይህ ታሪክ ይተረካል፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ተሥሏል። ሠዓሊው እንዴት እንደሚሠራው አስተውሉ። በአንድ ሥዕል ላይ አይቆምም። ሲበላ ይሥለዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ ውኃ ሲሰጥ ይሥለዋል፤ ከዚያ ሚዛኑን። በአንድ ክፍል ብቻ ቢያቆም ኖሮ በላዔ ሰብእ ለዘላለም በላተኛ ሆኖ ይቀር ነበር። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ሣልሁ፤ ሰውዬውንም በዚያ ውስጥ ቆልፌ ሄድሁ።

ሁለተኛው መድኃኒት ከሥዕሉ ግርጌ ነው። በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታ ትታያለች። ልመና የመጣች ድሃ አይደለችም፤ እቴጌ ምንትዋብ ናት። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው፣ አገር የምትገዛው እርሷ ናት። በሥዕሉ ውስጥ ግን ቦታዋ ከታች ነው፤ ምሕረት ከሚፈልጉት ጋር። በብራና መጻሕፍትም እንዲሁ ነው፤ ያስጻፈውና የጻፈው ስማቸውን ከመጨረሻ አስገብተው ጸሎት ይለምናሉ። የድሮው ሠዓሊ ክፉውን በአንድ ዓይን ሲሥል ከላይ ሆኖ የሚፈርድ ዳኛ አልነበረም። እርሱም ከሚመዘኑት አንዱ መሆኑን እያወቀ ነው የሚሥለው። ይህ ከቀረ ብሩሹ ዱላ ይሆናል።

እምነት በየቀኑ ምን እንደሆነ ሕፃናቱ ይጠይቁኛል። በዚህ ሰፈር ደወል የለም፤ ታቦትም የለም። እምነታችን አብዛኛውን ጊዜ በጄሪካን ሰልፍ ላይ ነው የሚፈተነው፤ ማን ቀደመ፣ ማን ገፋ፣ ማን ለማን አሳለፈ። ስለዚህ በመጨረሻ ስለ ጄሪካኑ እውነቱን ልናገር።

ሰውዬው ያን ማታ ሻይ ሲጠጡ የነገሩኝ ይህ ነው። እጃቸውን የዘረጉት አንዲት ነፍሰ ጡር ወደ ፊት እንድታልፍ መንገድ ሲከፍቱላት ነበር። እኔ ከጎን ስለቆምሁ እርሷን አላየኋትም፤ የታየኝ እኔን የከለከለኝ እጅ ብቻ ነው። ለምን ከጎን ቆምሁ? ይህንንም ልናዘዝ። ተራዬ 40ኛ አካባቢ ሳለ «ክፍል ይጀመርብኛል» ብዬ ከጎን ልገባ ስል ነው የመለሱኝ። ተናድጄ ሄጄ ሣልሁ። የሣቃችሁበት ሥዕል የንዴቴ ሥዕል ነበር።

አሁን እንደገና እሥለዋለሁ፤ በሦስት ክፍል። በመጀመሪያው እጃቸውን ዘርግተው፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ቆመዋል። አፍንጫቸው እንዳለ ይቀራል፤ ራሳቸው ፈቅደዋል፣ «እሱስ እውነት ነው» ብለው። በሁለተኛው ሴትዮዋ ጄሪካኗን ይዛ ታልፋለች። በሦስተኛው፣ ከታች በኩል፣ አንድ መነጽር ያደረገ መምህር ከጎን ሊገባ ሲል ይታያል። እርሱን በስንት ዓይን እንደምሥለው ገና አልወሰንሁም።

አንድ ልመና አለኝ። ያለፈው እትም በእጅ የተገለበጠው በአምስት ቅጂ ነው። ሦስቱ ተመልሰውልኛል። ሁለቱ በእጃችሁ ያሉ ወገኖቼ፣ እባካችሁ የመጨረሻውን ገጽ መልሱልኝ፤ አዲሱን በቦታው አያይዤ እሰጣችኋለሁ። ሕፃናቱንም የምትችሉ ምከሩልኝ። ትንሿ ልጅ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ቦታዋ በሁለተኛው ረድፍ ከመስኮቱ አጠገብ ነው፤ ማንም እንዳይቀመጥበት አድርጌአለሁ።

ሰላም ለሁላችን።

ከአል-ሳሃፋው መምህር